ጥበብን ከመልእክተኝነት ማውጣት

በአገራችን ስለ ጥበብና ስለ ሕዝብ በተነሣ ቁጥር አንድ አስተሳሰብ ያለ ተቀናቃኝ ነግሦ ኖሯል። ጥበብ ሕዝብን የሚጠቅመው መልእክት ሲያደርስ ነው ይላል። ጤና ቢሮ ስለ ክትባት አጭር ድራማ ያዝዛል፤ አንዱ ድርጅት ስለ ሕገ ወጥ ስደት ዘፈን ያሠራል፤ ከተማ አስተዳደር ስለ ሰላም ግድግዳ ያስቀባል። ድንኳን ይተከላል፣ ሞንታርቦ ይደረደራል፣ የክብር እንግዳው ንግግር ያደርጋሉ፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ፎቶ ይነሣል። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይም ለዚህን ያህል የኅብረተሰብ ክፍል ግንዛቤ ተፈጠረ ተብሎ ይጻፋል። ያ የኅብረተሰብ ክፍል ስለ ጉዳዩ አስቀድሞ ምን ያውቅ እንደ ነበር፣ ምን ሊል ፈልጎ እንደ ተወው፣ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ቡና ላይ ምን እንደ ተባባለ የሚሞላበት ክፍት ቦታ በቅጹ ላይ የለም።

ከማኅበረሰብ ጋር ተቀምጦ በሚሠራ ጥበብ ሁለተኛ ዲግሪ ይሰጥ ሲባል ሰው ፈገግ የሚለውም በዚሁ አስተሳሰብ ምክንያት ነው። ጥበብ ፖስተኛ ከሆነ ለፖስተኛ ማስተርስ ምን ይሠራለታል? አድራሻውን አውቆ በሰዓቱ መድረስ ይበቃዋል። ነገሩን “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” የሚሉትም ሆኑ “ጥበብ ለልማት” እያሉ በጀት የሚይዙት በዚህ ነጥብ ላይ ሳይነጋገሩ ተስማምተዋል። ፊተኞቹ መልእክቱ ቅንጦት ነው ይላሉ፣ ኋለኞቹ ጠቃሚ ነው ይላሉ፤ የጥበብ ሥራ መልእክት ማመላለስ መሆኑን ግን ሁለቱም አይጠራጠሩም። የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከዚህ መነሻ ጋር ነው። ከሕዝብ ጋር ጥበብ መሥራት ራሱን የቻለ፣ ረጅም ሥልጠና የሚሻ፣ ሲበላሽም ሰው የሚጎዳ ሙያ ነው። ትምህርቱ ሊሰጥ የሚገባውም ዓለ፣ ያሬድና ዮፍታሔ ንጉሤ የተባሉት የጥበብ ትምህርት ቤቶች ከተሰባሰቡበት ከአዲስ አበባ ርቆ በወሎ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ነው።

ለምን ወሎ ቢባል፣ ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በወሎ ስፍራዎች ስም መጠራታቸውን ማንሣት የተለመደ ነው። እኔ ግን ከቅኝቱ ይልቅ የአሠራሩን ነገር አስቀድማለሁ። አዝማሪ ማሲንቆውን እየገዘገዘ በታዳሚው መካከል ሲዞር፣ ከተቀመጡት አንዱ “ተቀበል!” ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል። አዝማሪው ዜማውን ሳያቋርጥ ይቀበላል። ስንኙ ቢያነክስ ቃል ጨምሮ ወይም ቀንሶ ልኩን ያስተካክለዋል፤ ቤት ካልመታ ያስመታዋል፤ ጥርስ ካለው ደግሞ ለማን እንደ ተወረወረ በዓይኑ ፈልጎ፣ ማለሳለስ ወይም ማሾል እንዳለበት በዚያችው ቅጽበት ይወስናል። ከማዶ የተቀመጠው ተነኪ በተራው “ተቀበል!” ይላል። እንዲህ እየተባለ አንድ ምሽት ሲያልፍ ግጥሙ የማን ነው? የሰጪውም፣ የተቀባዩም፣ የታዳሚውም ነው። አዝማሪው ያደረገው ነገር በሰዎች መካከል የነበረውን ክርክር ሳያፈነዳ ወደ ዜማ ማምጣት ነው። ለዚህ ትዝታ ያስፈልገዋል፣ ጆሮ ያስፈልገዋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንን በማን ፊት መንካት እንደማይገባ ማወቅ ያስፈልገዋል። በድንኳን ሥር ድራማ የሚያሳዩት ባለሙያዎቻችን ከእነዚህ ሦስት ችሎታዎች በየትኛው ተፈትነዋል?

ሐድራ፣ ማለትም መንፈሳዊው ዜማ መንዙማ የሚዜምበት የሙስሊሞች ጉባኤ፣ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥበብ ነው። መሪው አዝማቹን ያወጣል፣ ተቀባዩ ያነሣል፣ ድቤው ይከተላል፤ መንዙማው እየደረጀ ሄዶ ሌሊቱን ይዘልቃል። በተቀባይነት ዓመታት ያልተቀመጠ መሪ አይሆንም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሼህ ሙሐመድ ሻፊ የተመሠረተው የጀማ ንጉሥ ማዕከልና ኋላ የተነሡት እንደ ሼህ ጦልሐ ጀዕፈር ያሉ ሊቃውንት መንዙማን ማስተማሪያ፣ መጽናኛ፣ አንዳንዴም የዘመኑን ገዢ መሟገቻ አድርገውት ነበር። አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል የጻፉበት የዐጀም ባህልም የዚህ ትምህርት ቅርስ ነው። የጸሎት ስብስቡን ወዳጃን፣ የሴቶቹን የዱበርቲ ጉባኤ፣ የመረዳጃ ማኅበሩን ቅሬንና የአስታራቂዎቹን የአበጋሮቹን ሸንጎ ብንጨምርበት፣ ደቡብ ወሎ ሰው ተሰብስቦ አንድ ነገር በጋራ የሚያወጣባቸው ብዙ ቤቶች አሉት። ይህን ስል ሁሉንም ማሞገሴ አይደለም። ማን ይናገራል፣ ማን ዝም ይላል፣ ሴት የት ትቀመጣለች የሚለው ሥርዓት በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ጠንካራ ነው፤ አንዳንዱም ሊጠየቅ ይገባዋል። የሚጠይቀው ግን መጀመሪያ ሥርዓቱን የተማረ ሰው መሆን አለበት።

አሁን የመልእክተኝነቱን ዘመን ውጤት እንመርምር። በደርግ ጊዜ የኪነት ቡድን ያልነበረው ቀበሌ እምብዛም አልነበረም። ብዙ ወጣት መድረክ ያየው፣ መሣሪያ የነካው፣ ፊደል ከቆጠረበት ትምህርት ቤት ቀጥሎ ሰው ፊት መቆምን የተማረው በኪነት ነው፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ከወሎው ላሊበላ ኪነት እንደ ማሪቱ ለገሰ ያለ ድምፅ ወጥቷል። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ትርኢት ዛሬ በሰው ጆሮ የቀረው ምንድን ነው? ስለ ምርት ዘመቻው የተባለው አይደለም። የቀረው አምባሰሉ ነው፣ ባቲው ነው፣ ካድሬው መግቢያና መውጫ ማስዋቢያ አድርጎ የፈቀደው የሕዝቡ የራሱ ዜማ ነው። መልእክቱ ከመልእክት ላኪው ጋር አብሮ ተቀበረ። ስለ ጥበብ ዘላቂነት የሚያወሩ ሰዎች ይህን ታሪካዊ ፈተና ቢያጤኑት መልካም ነበር፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በመንግሥት በጀት፣ በመላ አገሪቱ የተሞከረ ነገር ነውና።

ሁለተኛው ማስረጃ ቅርብ ነው። በ1990ዎቹ የኤች አይ ቪ ዘመቻ በየትምህርት ቤቱ ፀረ ኤድስ ክበብ ተቋቋመ፣ በየመድረኩ ድራማ ታየ። የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች በአብዛኛው ማስፈራሪያ ነበሩ። በሽታው እንደሚገድል ሰው በደንብ ሰማ፤ ከሰማው ጋር ግን በሽተኛውን መሸሽንም ተማረ። ነገሩ መለወጥ የጀመረው እንደ መቅድምና ተስፋ ጎህ ያሉ ማኅበራት ተቋቁመው፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች በራሳቸው አንደበት መናገር ከጀመሩ ወዲህ ነው። ያኔ ለታዳሚው የቀረበለት ስለ በሽታ የተጻፈ ድራማ መሆኑ ቀርቶ ጎረቤቱ ሆነ። በእርግጥ መድኃኒቱ መምጣቱም ትልቅ ድርሻ አለው፤ ያለ መድኃኒት ተስፋ ማውራት ከባድ ነበር። ቢሆንም መድኃኒቱን ለመውሰድ ክሊኒክ ድረስ መሄድ የደፈረው ሰው ድፍረቱን ያገኘው ከማስፈራሪያው ድራማ ነው የሚል ካለ ማስረጃውን ያምጣ።

የወሎ ጉዳይ ከዚህም ይከፋል፤ ወሎ በሌሎች እጅ እጅግ ብዙ ጊዜ የተሣለ አገር ነውና። በጥቅምት 1966 ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየ፤ በጥቅምት 1977 ደግሞ ጋዜጠኛው ማይክል ቡርክና የካሜራ ባለሙያው ሞሐመድ አሚን ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከኮረም ያመጡት ምስል ዓለምን አስለቀሰ። ሁለቱም ምስሎች ነፍስ አድነዋል፤ ይህን ማቃለል አይቻልም። በሁለቱም ውስጥ ግን የወሎ ገበሬ የሚታይ እንጂ የሚያሳይ አልነበረም። ከፎቶው ሥር የሚጻፈውን አልመረጠም፣ ከየት አቅጣጫ እንደሚነሣ አልተጠየቀም። የዲምብልቢ ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀጣጥሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በማግስቱ ከዙፋን ሊወርዱ፣ የወሎ ረሃብተኛ ለሦስተኛ ወገን መልእክት ማድረሻ ሆነ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም እንላለን፤ የወሎ ገበሬ ግን መጮኹስ ጮኾ ነበር። ያጣው ጩኸቱን ሳያጣምም ተቀብሎ ወደ ላይ የሚያደርስ ሰው ነው። በዚያን ጊዜ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ትእዛዝና ስብከት ሞልቶ ነበር፤ ከታች ወደ ላይ የሚወጣውን ደግሞ ሹማምንት በመንገድ ላይ ያስቀሩት ነበር። ዛሬ “ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ እንፍጠር” የሚለው ሰው ያንኑ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለውን መንገድ እየጠገነ ነው።

በአፍሪካ ይህን ጉዳይ ዩኒቨርሲቲዎች ቀድመው ተናክሰውበታል። በቦትስዋና እ.ኤ.አ. በ1974 የተጀመረው ላኤድዛ ባታናኒ የተባለ የሕዝብ ቴአትር ዘመቻ በአህጉሩ ሁሉ ዝናው ናኘ፤ ቆይቶ ግን ከውስጡ የነበሩት ሰዎች ሳይቀሩ ርእሱን የሚመርጠው ሹሙና የተማረው ነው፣ ድሃው ተመልካች ሆኖ ቀርቷል ብለው ወቀሱት። በናይጄሪያ ዛሪያ የሚገኘው የአሕመዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ የድራማ ተማሪዎቹን ወደ መንደር ሲልክ ሌላ መንገድ ሞከረ። ተማሪዎቹ ያለቀለት ቴአትር ይዘው አይሄዱም፤ ከገበሬው ጋር እያሻሻሉ ይሠራሉ፣ ገበሬው ትዕይንቱን አስቁሞ “እንዲህ አይደለም” ማለት ይችላል። በኬንያ ሊሙሩ ደግሞ ደራሲዎቹ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ እ.ኤ.አ. በ1977 የካሚሪቱ መንደርተኞችን ይዘው በኪኩዩ ቋንቋ የሠሩት ቴአትር ልምምዱ በአደባባይ ነበር። የፋብሪካ ሠራተኞችና ገበሬዎች ጽሑፉን አረሙት፣ ዘፈኑን አስተካከሉት። መንግሥት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አገደው፤ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎም በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን ታሰረ። እ.ኤ.አ. በ1982 ቴአትር ቤቱ ፈረሰ። መልእክት የሚያደርስ ቴአትር እንዲህ አያስፈራም፤ መልእክቱን ማንም ሊጽፍለት ይችላላ።

ከአገራችንም አንድ ምሳሌ አለ። እንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም እ.ኤ.አ. በ1996 በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ከሚኖሩ ልጆች ጋር የጀመረው ሥራ አዱኛ የተባለውን የማኅበረሰብ ዳንስ ቡድን አስገኘ። ከዚያ የወጣው ጁናይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ለጃፓናዊው የዳንስ ባለሙያ ለሳቡሮ ተሺጋዋራ ደቀ መዝሙርነት ተመርጦ በዓለም መድረክ ቆሟል። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ዝናው ሳይሆን ጊዜው ነው፤ እነዚያ ልጆች ለአንድ ዝግጅት ተለማምደው አልተበተኑም፣ ዓመታት ሠልጥነው ለሌሎች አሠልጣኝ ሆኑ። እንዲህ ያለውን ጊዜ በአገራችን ሊሰጥ የሚችለው ማነው? ፕሮጀክት አይሰጥም፤ ፕሮጀክት የሚያበቃበት ቀን አለው። ቢሮም አይሰጥም፤ ቢሮ የበጀት ዓመት አለው። ትምህርትን ሥራዬ ብሎ በየዓመቱ አዲስ ሰው የሚቀበል ተቋም ዩኒቨርሲቲ ነው።

“ሥልጠና ይበቃል” ለሚሉት መልሱ ይኸው ነው። የሦስት ቀን ዐውደ ጥናት፣ አበል፣ የምስክር ወረቀት፤ ይህ ከበሽታው ወገን ነው እንጂ ከመድኃኒቱ አይደለም። በሦስት ቀን የሚሰጠው ዘዴ ነው፤ እንዴት ክብ ሠርቶ መቀመጥ፣ እንዴት ካርድ ላይ ጽፎ መለጠፍ። ሰው ፊት ቁስሏን የገለጠችን እናት ነገ ማን እንደሚጠብቃት፣ ሥዕሉ ሲሸጥ ገንዘቡ የማን እንደሚሆን፣ ተቀድቶ የተወሰደ ዜማ በማን ስም እንደሚመዘገብ፣ መንደሩ “ይህን አታሳዩብን” ሲል ሥራው ምን እንደሚሆን በሦስት ቀን አይፈታም። እነዚህ ጥያቄዎች ንባብ ይፈልጋሉ፣ ሕግ ማወቅ ይፈልጋሉ፣ የሌሎችን ስሕተት ታሪክ ማጥናት ይፈልጋሉ፣ ከዚያም አንድ ቀበሌ ውስጥ ከመኸር እስከ መኸር መቀመጥ ይፈልጋሉ። በአሜሪካ የፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በዚህ ዘርፍ ሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣል። እነሱ ስለሰጡ እኛም እንስጥ ማለቴ አይደለም፤ ሥልጡን አገር ነገሩን እንደ ሙያ ሲያየው እኛ፣ ሐድራና “ተቀበል” ያለን ሰዎች፣ እንደ መዝናኛ ማየታችን ግን ያስገርማል።

ማን ይማረዋል? የሚለው ጥያቄ ከሁሉ የቀለለ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በአንደኛ ደረጃ ክወናና ዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አስገብቷል። መጽሐፉ አለ፤ የሚያስተምረው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ትምህርት ያጠና፣ ክፍለ ጊዜ የጎደለበት መምህር ነው። በደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ እነዚህን መምህራን የሚያሠለጥነውን ሰው ማን ያሠልጥነው? በየወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የተቀመጠው ባለሙያ በየዓመቱ የሕዝብ ገንዘብና የሕዝብ ጊዜ በእጁ ነው። የማኅበረሰብ አገልግሎት ደግሞ ከማስተማርና ከምርምር ጋር የዩኒቨርሲቲዎቻችን ሦስተኛው ግዴታ ነው። ጥያቄው እነዚህ ሰዎች ይህን ሥራ ይሥሩ ወይስ አይሥሩ አይደለም፤ እየሠሩት ነው። ሳይማሩ ይቀጥሉ ወይስ ተምረው ይሥሩት ነው።

“ፎክሎርና ቴአትር ለልማት እያሉ ሌላ ዘርፍ ለምን?” ይባላል። ፎክሎር ይመዘግባል፣ ይተነትናል፤ ትልቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን አጥኚው ቴፑን ዘግቶ ሲሄድ ግንኙነቱ አብሮ ይዘጋል። ቴአትር ለልማት ደግሞ ከስሙ ጀምሮ ለሌላ ጌታ ያደረ ነው።

የሚከብደው ተቃውሞ ከወዲያኛው ወገን የሚመጣው ነው። አዝማሪው ያለ ዲግሪ ኖሯል፣ የሐድራው መሪም እንዲሁ፤ ዩኒቨርሲቲ የነካው ነገር ይደርቃል፣ የሕዝቡን ችሎታ ወስዶ በዲፕሎማ መልሶ ይሸጥለታል ይላል። ይህ ተቃውሞ እውነት አለበት። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን አስቡት፤ ሠላሳ ዓመት ሐድራ የመራ ሰው በዚያ በር አይገባም፣ እሱን “መረጃ ሰጪ” ብሎ የጠቀሰው ወጣት ግን በእሱ ዕውቀት ይመረቃል። ፕሮግራሙ በዚህ መልክ የሚከፈት ከሆነ ባይከፈት ይሻላል። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። ዲግሪው አዝማሪ ለማውጣት አይደለም፤ ከአዝማሪው ጋር የሚሠራውን መምህር፣ ባለሙያና ሰዓሊ ለመግራት ነው። ስለዚህ መሪውና አዝማሪው በአስተማሪነት ይከፈላቸው፣ በዲፌንስ ዕለት ከውጭ ፈታኙ አጠገብ ወንበር ይኑራቸው፣ ነጥብ ይስጡ። የሙያና ቴክኒክ ዘርፋችን መደበኛ ትምህርት የሌለውን ባለሙያ በብቃት ምዘና ዕውቅና መስጠት ከጀመረ ቆይቷል፤ ለግንበኛ የተቻለው ለማሲንቆ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። ሥራው የተሠራበት ቀበሌም ካልተቀበለው ተማሪው አይመረቅ። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ይህ አዲስ ነገር ይሆናል፤ ዕድሜ ልኩን ሲወሰድበት የኖረ ሕዝብ ግን አንድ ጊዜ እንኳ “አይ” ማለት ሊችል ይገባዋል።

መንዙማ አምልኮ ነው፣ ኪነ ጥበብ አይደለም የሚሉ ሰዎችም አሉ፤ መከበር አለባቸው። ተማሪዎቹ አስቀድመው ሊማሩት የሚገባው ይህን ነው፤ ለመድረክ የማይወጣ ነገር መኖሩን። ተማሪው ከሐድራ የሚወስደው መንዙማውን ሳይሆን ሰው እንዴት አብሮ እንደሚያወጣና እንደሚቀበል ነው። ለፌስቲቫል ተብሎ በአምስት ደቂቃ የተቆረጠ መንዙማ የዚህ ትምህርት ውድቀት እንጂ ፍሬ አይሆንም።

“መጀመሪያ ዳቦ” ወደሚለው ክርክር እንምጣ። የተራበና የቆሰለ ሕዝብ ባለበት ጥበብ ቀስ ትበል የሚለው ክርክር ጨዋ ይመስላል። ኮምቦልቻን ይዘን እንፈትሸው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ ከአካባቢው ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ወደ ልብስ ስፌት መስመር ገቡ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ዋጠ፤ ከተሞቹ እስከ ኅዳር መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆዩ። ፋብሪካ፣ ሆስፒታል፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ የደሴ ሙዚየም ተዘረፉ። ወር ሳይሞላ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሉ፣ ከአጎዋ፣ አስወጣችን። በእነዚህ ወራት በአንዲት የስፌት ሠራተኛ ላይ የደረሰውን፣ ሥራዋን፣ ኪራይ ቤቷን፣ ወደ ገጠር መመለሷን፣ የፈራችውን ማን ጠየቃት? ስለ እሷ የሚያወሩ ቁጥሮች ነበሩ፤ እሷ የሠራችው ምንም ነገር የለም። ዳቦው ሲመጣ በምን ዓይነት ሥራ፣ በስንት ደመወዝ፣ በየትኛው የመኖሪያ ሁኔታ እንደሚመጣ የምትናገርበት መንገድ ከሌላት ዳቦውም የሌላ ሰው ዕቅድ ሆኖ ይቀራል። በ1966 የታየው እኮ ይኸው ነው፤ ረሃቡን የከፋ ያደረገው የእህል እጦት ብቻ አልነበረም፣ የአንደበት እጦትም ነበር።

ቦርከናም ሌላ ምሳሌ ነው። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚወጣው ፍሳሽ ወንዙ ውስጥ እንደሚገባ አጥኚዎች ደጋግመው ጽፈዋል። የመልእክት ጥበብ ለዚህ የሚያመጣው መፍትሔ የታወቀ ነው፤ “ውሃችንን እንጠብቅ” የሚል ፖስተር በግርጌ ላለው ገበሬ ይለጠፋል። ያልበከለው ሰው እንዳይበክል ይመከራል። የዚህ ትምህርት ተመራቂ ደግሞ የኮምቦልቻ ካምፓስ መሐንዲሶችን፣ የፋብሪካ ሠራተኞችንና ከወንዙ የሚያጠጡ ገበሬዎችን አንድ ዓመት ያሠራል። ውሃው ቀለሙን በየትኛው ቀን እንደሚለውጥ፣ ከብት መጠጣት የት እንዳቆመ፣ ማን መቼ ምን እንዳየ በሥዕልና በቃል የተሠራ የወንዝ ካርታ ያወጣሉ፤ ካርታውም ፋብሪካው በር ላይ ይነበባል። ይህ ጥበብ ነው ወይስ ምርምር? ሁለቱም ነው፤ ለመለየት የሚጨነቅ ካለ ሴኔቱ ይጨነቅበት።

በደሴ ሙዚየምም ሊሠራ የሚገባው ነገር አለ። የተወሰደው ቅርስ ይፈለግ፣ ይመለስ፤ እስከዚያው ግን ቤቱን ለማን ትተነው ነው? የሰኞ ገበያ፣ የሸዋ በር፣ የአራዳ ቤተሰቦች ከዚያ ኅዳር የተረፋቸውን ዕቃ አምጥተው፣ መግለጫውን በራሳቸው ቃል ጽፈው ማስቀመጥ ይችላሉ። ማን ማንን እንደ ሸሸገ፣ ማን ማንን እንደ ጠቆመ በሁለቱ ከተሞች ሰው ያውቃል፤ አይነጋገርበትም። እንዲህ ያለውን ነገር በቲሸርት ማከም አይቻልም፤ በችኮላ ከነኩትም ደም ሊያስከትል ይችላል። ሁለት ባላንጣዎችን በአንድ ምንጣፍ የሚያስቀምጠው አበጋር ምን ከማን ቀድሞ መነገር እንዳለበት ያውቃል። ሠልጣኙ ከእሱ መማር ያለበት ይህን ቅደም ተከተል ነው፤ ዝም ማለት የሚሻልበትን ቀን ጭምር።

አደጋው እንዳለ አልክድም። ሕዝብ በራሱ አንደበት ሲናገር የሚከፋው ሹም አይጠፋም፤ የካሚሪቱ ታሪክ እዚህ አይደገምም ብሎ ዋስ የሚሆን የለም። ነገር ግን ለዚህ ተብሎ የሚቀርበው አማራጭ፣ ሰው የማይናገርበት ጥበብ፣ ሰላም አምጥቶልን ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ባየነው ነበር። የተማረ ሰው ቢያንስ ስም መደበቅን፣ የሥራውን ባለቤትነት ለማኅበረሰቡ መተውን፣ አደጋ ሲመጣ ማን ቀድሞ እንደሚመታ ማስላትን ያውቃል። ያልተማረው ቀናኢ ግን የመንደሩን ምሥጢር በሞንታርቦ አሰምቶ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል።

ወጪው የሚያስፈራ አይደለም። ለዚህ ትምህርት ትልቅ ስቱዲዮና ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም በኮምቦልቻም ካምፓስ አለው፤ የሚያስፈልገው በዓመት ጥቂት ተማሪ፣ በቀበሌ ለሚቀመጡበት ዓመት መኖሪያና መጓጓዣ፣ ለአዝማሪው፣ ለሐድራው መሪና ለአበጋሩ የመምህር ክፍያ ነው። የፕሮግራሙን ሰነድ የሚያረቅቁ ሰዎች ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ካሪኩለም ቀድተው ለሴኔት ከማቅረባቸው በፊት ረቂቁን ይዘው ወደ ቅሬዎቹ፣ ወደ ስፌት ሠራተኞቹና ወደ መንዙማ ሊቃውንቱ ይሂዱ፤ የሚሰረዘው ይሰረዝ፣ የሚጨመረው ይጨመር፣ ከዚያ በኋላ ይጽደቅ።